ቫይታሚኑ ልጣጩ ላይ ነው

ይታይሽ ድንቹን አወፍራ ትልጣለች። ቢላዋው ከውስጡ ብዙ ይዞ ይወርዳል፤ በየልጣጩ ላይ አጭር ሐምራዊ ጉንቁል ተለጥፎ ይቀራል። ልጣጩን ጭኗ ላይ፣ በቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ታጠራቅማለች። ጉንቁል ያለው ልጣጭ አፈር ካገኘ ይበቅላል። ይቀጭጫል እንጂ ይበቅላል።

ድንቹ የመብል አልነበረም። ሰኞ ሊተከል ቆጥ ላይ ተዘርግቶ፣ ብርሃን እየመታው አረንጓዴና መራራ እስኪሆን የከረመ ዘር ነው። ግንቦት ላይ ካልተተከለ ነሐሴ ላይ የሚቆፈር የለም፤ ነሐሴ ላይ የሚቆፈር ከሌለ ደግሞ የሚበላ የለም።

ሌላው መሬታቸው ሁሉ ዲከረንስ ነው። ጤፍ የነበረበትም፣ ገብስ የነበረበትም ዛፍ ሆኗል። ዛፉ ከሰል ይሆናል፣ ከሰሉ ብር ይሆናል፣ ብሩ አዲስ ቅዳም ገበያ ላይ እህል ይሆናል። ዘንድሮ ግን ከሰሉን የሚጭነው አይሱዙ ጭቃውን ፈርቶ ቀረ፤ ከሰሉም በጆንያ እንደታሰረ ዳሱ ሥር ተቀምጧል። ከሰል ደግሞ አይበላም።

የቀረችው ጓሮዋ ናት። የቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ ሰርክአዲስ ባለፈው መስከረም ጓሮዋን አይታ «በምግብ ራሱን የቻለ ቤተሰብ» ብላ አስመረጠቻቸው። ራሱን የቻለ ቤተሰብ እንግዳ እንደሚበዛበት ያን ጊዜ አልነገረቻቸውም። የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ዶሮዎቹን በሉ። ሁለተኛዎቹ ነጭ ሽንኩርቱን ለናሙና ነቅለው ሄዱ። ዛሬ ከሌላ ዞን ለልምድ ልውውጥ የመጡት ሦስተኛዎቹ ናቸው።

ባሏ አየነው ሲመረጡ የተሸለመውን ቢጫ ኮፍያ እንደደፋ በማጀቱ በር ብቅ ይላል። ከኋላው እንግዶቹ መደቡ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። አዊኛ አይሰሙም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት በአዊኛ፣ ፈገግ እያሉ ይጣላሉ።

«ነሐሴን ምን ልታበላን ነው?» ትለዋለች፣ ጥርሷን ለእንግዶቹ እያሳየች።

«ከሰሉ ሲነሳ ዘር እንገዛለን።»

«ከሰሉ ሲነሳ። ዓምናም ከሰሉ ሲነሳ ነበር።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ራሳችንን የቻልነው እስከ መጋቢት ነበር ልበላቸው?»

«በላቸዋ። እኔ ልንገርልህ?»

እንደማትናገር ያውቃል። ደጅ የመጣን እንግዳ «የምትበላው ዘሬን ነው» የሚል ሰው በአገሩ አልተወለደም።

«ምን እያሉ ነው?» ይጠይቃል አንዱ እንግዳ።

«እየመረቋችሁ ነው» ትላለች እንግዶቹን ይዛ የመጣችው ሰርክአዲስ። የሞጣ ልጅ ናት፤ ከአዊኛ ሰላምታውን ብቻ ነው የለመደችው።

የቡድኑ መሪ ማዕድ ቤቱንም ካላየሁ ብላ ትነሳለች። የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ናት፤ ደግ ፊት አላት። ጎንበስ ብላ ትገባና የይታይሽን ጭን ታያለች።

«ውይ እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ምግብ ከልጣጭ ጋር ልትጥይው?»

«አልጥለውም፣ እመቤቴ። ለላሚቱ ነው።»

«ላሟማ ሳር አላት። ቫይታሚኑ እኮ ልጣጩ ላይ ነው።» እጅጌዋን ትሰበስባለች። «አምጪው እስኪ ላግዝሽ።»

«ይተዉት፣ እጅዎ ይቆሽሻል።»

«ምን ችግር አለው፣ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ።»

አጠገቧ ቁጢጥ ትልና ልጣጩን ከቀሚሷ እጥፋት እያፈሰች ታጥባለች። «ይሄ ጉንቁሉ ግን ለጤና ጥሩ አይደለም» ትላለች፤ አንድ በአንድ በጥፍሯ እየቆረጠች እሳቱ ውስጥ ትጥለዋለች። እርጥብ ስለሆነ ቸስ ይላል። ቆጡ ላይ የቀረውንም አውርዳ፣ እንዲሁ አጽድታ፣ ሳይላጥ ድስቱ ውስጥ ትጨምረዋለች። ይታይሽ ቢላዋውን እንደያዘች ታያታለች። ቀሚሷ ላይ የቀረው እርጥብ አፈር ብቻ ነው።

«አየሽ፣ ሥራም ቀነስንልሽ» ትላለች መሪዋ።

ድንቹ በሰፌድ፣ ከበርበሬ ጋር ይቀርባል። ሁሉም አንዳንድ ያነሳሉ። አንዱ እያኘከ ፊቱን ያጨማድዳል።

«መረር ይላል ልበል?»

«ማዳበሪያ የለበትማ» ይላል ሌላው። «ኦርጋኒክ እንዲህ ነው። እኛ ጣዕሙን ረስተነው ነው።»

ከዚያ ወዲያ መራራ የሚለው አልተገኘም። ልጣጩን እያመሰገኑ ይበላሉ። አየነው መሀል ቆሞ ያስረዳል። ከገበያ የሚገዙት ጨው ብቻ ነው። ለከርሞ ምርቱን እጥፍ ለማድረግ አቅደዋል። ሰፌዱ ባዶውን ሲቀር መሪዋ «ቤቱ ይሙላ» ትላለች። ይታይሽ «አሜን» ትላለች።

ፎቶ ይቀራል። ግቢው ዙሪያውን በዲከረንስ ስለታጠረ ጨለም ያለ ነው፤ ፀሐይ ያለበት አየነው ትናንት ለድንቹ ትልም ያወጣበት መደብ ብቻ ነው። አብሯቸው የመጣው ፎቶ አንሺ ወደዚያ ይመራቸዋል። ጫማቸው ለስላሳው አፈር ውስጥ ይሰምጣል።

«በመስመር፣ በመስመር» ይላል ፎቶ አንሺው።

«መስመሩማ ተሠርቶ ጠብቆናል» ትላለች ሰርክአዲስ፤ ይሳሳቃሉ፤ ትልሙን ይዘው ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። አየነው ዳር ላይ ኮፍያውን ያቃናል።

«የቤቱ እመቤትስ? መሀል ትግባ እንጂ» ትላለች መሪዋ።

ይታይሽ የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ ትገባለች፤ የታረሰ መሬት በጫማ ረግጣ አታውቅም። መሪዋ ትከሻዋን ታቅፋታለች።

«ፈገግ በይ፣ እህቴ።»

ይታይሽ ፈገግ ትላለች። ፎቶ አንሺው አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዱ እግሯ፣ ሳታዝዘው፣ ከትልሙ ጠርዝ አፈር እየሳበ ሌላውን እግሯን ያለብሳል፤ ዘር እንደሚለበስ፣ ሳያፍን፣ ሳይረግጥ።