የኤርል ጎማዎች

ኤርልና ዋንዳ የሚኖሩት በኬንታኪ ተራሮች መሃል፣ የከሰል ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ሰው በተመናመነበት ሸለቆ፣ ጎማ ባለው ተጎታች ቤት ውስጥ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል። ብርድ ሲጠና ቧንቧው በረዶ ይሆናል። ዋንዳ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከኤርል ጋር የምታረጅበት፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ቤት።

ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ጎማውን አውልቀው ተጎታቹን በሲሚንቶ ከመሬት ጋር ካሰሩት ቆይተዋል። ኤርል ግን እምቢ አለ። እንዲያውም በየዓመቱ ከቤቱ ሥር እየገባ ጎማዎቹን ይነፋል።

«ምን ያደርጉልሃል?» ትለዋለች።

«አንድ ቀን ይጠቅማሉ» ይልና መንፋቱን ይቀጥላል።

ጎረቤቷ ኦፓል ምላሷ የማያርፍ አሮጊት ናት። አንድ ቀን በረንዳዋ ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጎማ የሚነፋ ወንድ መንገድ አስቧል» አለቻት።

«ተይ እንጂ፣ እትዬ ኦፓል!»

«የኔው ጉድ መኪናውን ሲያጥብ ሲያጥብ ከርሞ አይደል የጠፋው? ደግነቱ ይቺ ሲሚንቶ ላይ የተተከለች ጎጆ ቀረችልኝ። እሷም ቤት ከተባለች! ባለፈው ከተማ ወርጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው የሚሰጠውን ብድር ብጠይቅ፣ ‹እርስዎማ ቤት አለዎት› ብለው መለሱኝ። ዝናቡ አልጋዬ ላይ እየወረደ!»

ሳቁ። የዋንዳ ሳቅ ቶሎ ጠፋ።

ኤርል በየሐሙሱ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ከተማ መሄድ ጀምሯል። ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ ይወጣል። አንዴ ገላውን ሲታጠብ ስልኩን አነሳችለት። የሴት ድምፅ ነበር።

«ጉዳዬ ከእሱ ጋር ነው» ብላ ሴትዮዋ ዘጋችው።

ጥቅምት ላይ ኤርል ጣሪያ ሊሠራ ለሁለት ሳምንት ኦሃዮ ሄደ። ዋንዳ ወንድሟን ዶይልን ጠራችው።

«ይቆጣል እኮ» አለ ዶይል፣ ሲሚንቶውን ከመኪናው እያወረደ።

«ከሚሄድብኝ ይቆጣ። አፍስሰው።»

ዶይል ጎማዎቹን የያዙትን ዘንጎች በመጋዝ ቆረጠ። ቤቱን ከመሬት ጋር አሰረው። ጎማዎቹን አሮጌ ብረት ለሚገዛ ሰው ሰጠ። ዋንዳ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳትባንን አደረች።

ኤርል የሚመለስበት ቀን አንዲት ቀይ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመች። እሱ የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሶ እየሳቀ ወረደ። መሪውን የያዘችው ሽቅርቅር ያለች ሴት ነበረች።

ዋንዳ በሩ ላይ ቆማ እጆቿን አጣመረች።

«በል እስቲ፣ ከቻልክ ጎትተህ ውሰደው!»

ኤርል ተንበርክኮ ከቤቱ ሥር አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ከተንበረከከበትም አልተነሳም።

ሴትዮዋ ፋይሏን ታቅፋ ቀረበች።

«ወይዘሮ ዋንዳ እርስዎ ነዎት? ከቤት ብድር ቢሮ ነው የመጣሁት። ባለቤትዎ ድንገት ላስደስታት ብሎ ደብቆት ነው እንጂ፣ የአዲሱ ቤታችሁ ብድር ካለቀ ሰነበተ። በጎማ ላይ የኖረ ሰው ቤት እንደነበረው አይቆጠርበትም። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።»

እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ጎማዎቹን አይቼ ልፈርም።»