በሙክት የተገዛ ቀዳዳ

ባንችይርጋ ከአይሱዙው ላይ ዘላ ወርዳ ክላርኔቷን ስትገጣጥም የሙሽሪት ቤት በር ተዘግቷል። በቆርቆሮ እንዳይመስላችሁ፣ በሴት ነው። የብልባላ መንደር ሴቶች ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ይዘፍናሉ፤ ሙሽራው ፈንታው፣ የባንችይርጋ የአክስት ልጅ፣ በዚያ ወፍራም ሱፉ የጥር ፀሐይ ላይ ቆሞ ይቀልጣል። ደንቡ ደንብ ነው፤ በዘፈን ያላሸነፈ አይገባም።

"ምነው፣ ፍየሊቱን ዛሬም ይዛችኋት መጣችሁ?" ይላሉ የሙሽሪት አክስት እትዬ ወለተ ሩፋኤል ከሰልፉ መሃል። ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ክንዳቸው ግን አይፈታም።

ፍየሊቱ የተባለችው እሷ ናት። አምና ኮን ከተማ ሰርግ ላይ፣ እንዲሁ በር ላይ፣ ዜማው ከፍ ሲል የክላርኔቱ አፍ፣ ያ የሚነፋበት ጫፉ፣ በስንጥቁ አየር አሾልኮ ፍየል ሲታረድ የሚሰማውን ድምፅ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስትወጣ "ሜእእ" የሚላት አይጠፋም።

አሁን ግን አፉ አዲስ ነው፣ የቀንድ። ዳማ የሚባለው የአባቷ በሬ ክረምት ላይ ሲሞት፣ የአንዱን ቀንድ ድፍን ጫፍ ይዛ ላሊበላ የቀንድ ዋንጫ ሠሪው አዝመራው ዘንድ ሄደች። አዝመራው ቀደደ፣ ሞረደ፣ አስነፋት፣ እንደገና ሞረደ። ሲጨርስ "ዓይኔን አጠፋሽው፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አምጥተሽ እንዳላይሽ፣ ዋንጫዬ ይሻለኛል" አለና ዋጋውን ጠራ። ባንችይርጋ ከግልገልነቱ ያሳደገችውን ሙክት ጎትታ ሰጠችው።

አባቷ አረጋ ይኸው እስከዛሬ አልዋጥላቸው ብሏል። መኪናው ላይ እንኳ ከበሯቸውን ታቅፈው ሲነዘንዟት ነው የመጡት።

"ቀንዱ የኛ፣ በጉ የኛ። ሰውየው ከራሱ የጨመረው ምንድን ነው? ቀዳዳ። አንቺ በሙክት ቀዳዳ ገዛሽ።"

"አፍ ነው የገዛሁት፣ አባዬ።"

"አፍማ ድሮም አላነሰሽ።"

እየቀለዱ አይደለም። ዳማ ከሞተ ወዲህ አንዱን በሬያቸውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው፣ ተራ እየጠበቁ ነው የሚያርሱት። ስለዚህ ተነጋግረዋል፤ ዛሬም ክላርኔቱ እንደ ፍየል ከጮኸ ይሸጥና ለበሬ መግዣ ይሆናል። እሷም እሺ ብላለች። ምን ትበል?

ከሴቶቹ ኋላ የሙሽሪት ወገን ከወልዲያ ያስመጣው ሳክስፎን ነፊ፣ ጋሽ ወልደ ኪዳን፣ ያን የሚያብረቀርቅ መሣሪያውን አንስቶ ይለቀዋል። ግቢው ይናወጣል። እልልታው ሲቀልጥ ፈንታው ዞር ብሎ ባንችይርጋን ያያታል፣ የሚለምን ዓይን ነው።

ከንፈሯን ታረጥባለች። ትነፋለች።

ድምፁ ከታች ይነሳል። ወፍራም ነው፤ ዳማ ድንጋያማውን ማሳ ሲወጣ እንደነበረው፣ አይቸኩልም፣ አይቆምም። አባቷ በከበሮ ይከተሏታል። ዜማው መውጣት ይጀምራል፤ ያቺ አምና ያዋረደቻት ቦታ እየቀረበች ነው። እዚያ ሲደርሱ ከበሮው ዝም ይላል። አባቷ እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ብቻዋን ትወጣዋለች። ድምፁ አይሰነጠቅም፣ አይቀጥንም፤ ላይ ወጥቶ እዚያው ይቆያል፣ እሷም እስኪበቃት አታወርደውም።

ያኔ ከበሮው ድም ይላል።

መጀመሪያ የምትታየው ከዳር ያለችው ሴት ናት፤ ትከሻዋ ይነቃል። ተቆላልፎ ደግሞ እስክስታ አይመታም፣ ክንዷን ትፈታለች። ቀጥሎ ጎረቤቷ። ሰልፉ ከሁለቱም ጫፍ እንደ ሹራብ ይተረተራል። እትዬ ወለተ ሩፋኤል ብቻቸውን መቃኑን ይዘው ይቀራሉ፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ይቆማሉ፣ ይቆማሉ፣ ከዚያ ግራ ትከሻቸው ከዳቸው። እሳቸው እስክስታውን ሲወርዱት ፈንታው በጎናቸው ሹልክ ብሎ ገባ።

ሰዉ ተከትሎ ሲጎርፍ ጋሽ ወልደ ኪዳን በተቃራኒው ወደ ውጭ ይመጣል። ከባንችይርጋ ክላርኔት ላይ የቀንዱን አፍ ነቅሎ በቀዳዳው ፀሐዩን ያያል፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል።

"እኔም ቤት ክላርኔት አለኝ" ይላል ለአባቷ። "ይኸን ሁለት ሙክት ልስጥበት።"

አባቷ ከበሯቸውን መሬት ያስቀምጣሉ። "ቀንድ ከፈለጉ የዳማ ሁለተኛው ቀንድ ቤት አለ፣ በነፃ ይውሰዱት። ቀዳዳውን ግን አንሸጥም።"

ባንችይርጋ ጆሮዋን አላመነችም።

ጋሽ ወልደ ኪዳን አይስቅም። "በሬ" ይላል። "ወይፈን አይደለም፣ የተገራ በሬ። ዛሬውኑ ገመዱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።"

የበልግ እርሻ ደርሷል። አባቷ መዳፋቸውን፣ እርፍ የላገውን መዳፋቸውን ትንሽ ያዩና "አፉ የሷ ነው፣ እሷን ይጠይቋት" ይላሉ፤ ፊታቸውን ወደ አይሱዙው ያዞራሉ፣ እንዳታያቸው።

ከውስጥ እትዬ ወለተ ሩፋኤል ይጣራሉ። "ባንችይርጋን አምጧት እንጂ፣ ያለሷ ልንጨፍር ነው?" ፍየሊቱን አላሉም።

ጋሽ ወልደ ኪዳን አፉን መዳፏ ላይ ይመልስላታል። ገና እርጥብ ነው፣ ከትንፋሿም ይሞቃል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?