እጢ ነው አሉ

ማጅራቱ ላይ ያለው እብጠት ሎሚ አክሏል። በመርፌ ናሙና ከተወሰደለት በኋላ፣ ውጤቱን ሄዶ ለመስማት ወኔ አጣና ሚስቱን አስካለን ላከ። ተመልሳ መጥታ ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ «እጢ ነው አሉ። ሐሙስ በቀዶ ሕክምና ይወጣል» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እሱም ፈርቶ አልጠየቃትም።

ጎረቤታቸው ጋሽ ወልዴ አምና የሞቱት በእጢ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድለት አለ። ተቀመጠ ሲሉት ይነሳል፣ ተነሳ ሲሉት ማጅራቱን ይዳስሳል።

ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ ድንገት እጇን ያዘ።

«አስኩ፣ ይዤው እንዳልሞት ልንገርሽ። ጅማ የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ።»

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«እግዜር ይማርህ» አለችው።

ውስጥ ዶክተሩ ማደንዘዣ ወግቶት ምላጩን ሲያነሳ፣ በሆዱ የተኛው ሰውዬ ትከሻ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ያስፈራዎታል? ካንሰር አይደለም እኮ! ቅባት የቋጠረ ከረጢት ነው። ከነከረጢቱ ካወጣሁት አይመለስም፤ ዛሬውኑ ቤትዎ ይገባሉ።»

«እውነትዎን ነው ዶክተር?»

«ለባለቤትዎ ያን ዕለት በደንብ አስረድቻቸዋለሁ። ‹ደውዬ ላብስራቸው?› ብላቸው፣ ‹አይደውሉ፣ መጀመሪያ እሱ የሚነግረኝ ነገር አለ› አሉኝ። እስካሁን አልነገሯቸውም እንዴ?»