የጠፋው ፊሽካ

«መንገድ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ...

አስተማሪዋ የሻሽወርቅ «ጋሼ ሐምዱ፣ እስቲ ይቺን ፊደል ያንብቡልን» ነበር ያለቻቸው።

ሐምዱ ደነገጡ። እህል በረንዳ ጆንያ ተሸክመው ሲያልፉ ዕድሜ ልካቸውን የሚጮኹት ቃል ከአፋቸው አመለጠ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ጆንያውን ያውርዱ እንጂ!» አለ ልብስ ሰፊው ጓንጉል።

እንደገና ሳቅ...

ሐምዱ አልተቆጡም። ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ።

ከዚያ በኋላ አልመጡም።

ጊዜው 1972 ዓ.ም. ነው። ቦታው መርካቶ፣ ሰባተኛ፣ የቀበሌ አዳራሽ። የመሠረተ ትምህርት ክፍል።

ሐምዱ የተመዘገቡት ለልጃቸው ለሱሀይር ብለው ነበር። መጽሐፏን ዘርግታ «አባባ፣ ይሄ ምን ይላል?» ስትላቸው፣ «ጥሩ ነገር ይላል» እያሉ ያልፏታል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣች።

«አባባ፣ ትምህርት ተውክ እንዴ?»

ሐምዱ ጫማቸውን አድርገው ወደ ሥራ ወጡ።

ክፍሉም እየሳሳ ሄደ። ዛሬ አንዱ ይቀራል፣ ነገ ሌላው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ተቆጣ። «የቀሩትን ሁሉ በአብዮት ጥበቃ አስለቅሜ አመጣልሻለሁ!»

«ተዉልኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች የሻሽወርቅ። «በጠመንጃ የመጣ ሰው ሰሌዳውን አያይም። በሩን ነው የሚያየው።»

በማግስቱ ራሷ እህል በረንዳ ወረደች።

«ጋሼ ሐምዱ፣ ፊሽካዬ ጠፋብኝ።»

«እና?»

«ተማሪ የምጠራበት የለኝም። የእርስዎ ድምፅ ደግሞ እስከ ጎጃም በረንዳ ይሰማል።»

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ ልጄ።»

«መጥራትስ?»

ሐምዱ ትከሻቸው ላይ ያለውን የጤፍ ብናኝ አራገፉ።

«ፊሽካው እስኪገኝ ነው» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ማታ ማታ የመጨረሻዋን ጆንያ ሲያወርዱ ጉዞ ይጀምራሉ።

«ትምህርት! ትምህርት!»

ከቀሩት ተማሪዎች አንዷ፣ በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ ዘሀራ፣ ሱቋ በር ላይ ቆማ ትስቃለች። «ጋሼ ሐምዱ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተሸክመው ነው?»

«እናንተን!»

እየሳቀች ሱቋን ዘጋች። ተከተለቻቸው።

ጓንጉል ከስፌት መኪናው ሥር ሊደበቅ ሲል ደረሱበት። «አንተ! ና ውጣ!» አፍሮ ወጣ።

ሌላውን የሚጠራ ሰው ደግሞ ራሱ እንዴት ይቀራል?

ገብተው እንደተቀመጡ የሻሽወርቅ ሰሌዳውን አጠፋች። አራት ፊደል ጻፈች።

«ጋሼ፣ ይቺን እንኳ ከእኔ የበለጠ ያውቋታል።»

ሐምዱ አፍጥጠው አዩ... ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«መ... ን... ገ... ድ።»

ማንም አልሳቀም።

ወራት አለፉ። የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። ሐምዱ እንደ ልማዳቸው አውራ ጣታቸውን ለቀለም ዘረጉ።

«ኧረ ጋሼ፣ በስምዎ ነው የሚፈርሙት!» ብላ የሻሽወርቅ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዋን ስትበረብር... አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ።

ፊሽካ።

ሐምዱ ጎንበስ ብለው አነሱት። ክሩ እንኳ አልቆሸሸም።

«መቼ ተገኘ?»

የሻሽወርቅ አቀረቀረች።

«ጠፍቶ አያውቅም፣ ጋሼ። የጠፉት እርስዎ ነበሩ።»

ሐምዱ ፊሽካውን መዳፏ ላይ አኖሩና ጣቶቿን አጥፈው አስጨበጧት።

«ደብቂው» አሉ። «ለሚቀጥለውም ዙር ይጥፋ።»

ፈረሙ። ቤታቸው እንደገቡ ገና ጫማ ሳያወልቁ...

«ሱሀይር፣ መጽሐፍሽን አምጪ።»

ወዳጆቼ...

ሰው ትምህርቱን የሚተወው ሁልጊዜ ሰንፎ አይደለም። እሱ ቢቀር ምንም የሚጎድል አልመስል ሲለው ነው። ቁጣ አይመልሰውም። የሚሠራው ነገር ስጡት፣ ቦታው ይታወቀው... በራሱ እግር ይመጣል።

እናንተስ? ልትተዉት ስትሉ «ያለ አንተ አይሆንም፣ ያለ አንቺ አይሆንም» ብሎ የመለሳችሁ አስተማሪ ማን ነበር? ምን ሥራስ ሰጣችሁ? ስሙን ከታች ጻፉልን።