የታዘዘ ጭቅጭቅ

«አልሄድም!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሻንጣዋን በእግሯ ወደ ወንበሬ ሥር እየገፋች። «ዶክተሩ ድነሻል ካለኝ፣ የዳንኩበት ቦታ ልቀመጥ።»

ባሏ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከጎኗ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። «እንዳልሽ ይሁን፣ የኔ እመቤት» አላት በሹክሹክታ።

«ሰማሽው?» ወደ እኔ ዞረች። «ዶክተሩ ለሙከራ ወደ ቤት የላከኝ ጊዜም እንዲሁ ነው። ሾርባው ላይ ጨው አበዛሁበት፤ ይጣፍጣል አለ። ሬድዮኑን ጆሮው ሥር አስጮኽኩበት፤ ፈገግ አለ። አሮጌ ጫማውን ጣልኩበት፤ አመሰገነኝ! እኔ እኮ ይሄን ሰውዬ አላውቀውም። ከማላውቀው ሰው ጋር ደግሞ አንድ ቤት አላድርም።»

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። በዚህ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በማኅበራዊ ሠራተኛነት ፀጉሬን ያሸበትኩት ታማሚና ቤተሰብ ሳስታርቅ ነው፤ ማጣላት አልለመደብኝም። ይህችን ሴት ግን እወዳታለሁ። የክፍሉን የተቀደደ ጋውን ሁሉ፣ የኔንም ጭምር፣ እየተሳደበች ሰፍታልናለች። ዛሬ ቤቷን እምቢ ካለች እዚሁ ታረጃለች፤ እንዲህ ብለው የቀሩትን አይቻለሁ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ድሮ ትጨቃጨቁ ነበር?»

«ኧረ ተይኝ! እሳትና ጭድ ነበርን።»

ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ሲቀዱም እየተገፋፉ ሳይሆን አይቀርም።

«እንግዲያው አሁን አንዴ ተጨቃጨቁልኝ። እዚሁ፣ እኔ ፊት።»

አንገቱን ደፋ። «አልችልም፣ እህቴ። በታመመችበት ዋዜማ ጮኼባት ነበር። በማግስቱ እኔንም መለየት አቃታት። እኔው ነኝ የሰበርኳት። ከእንግዲህ ይሄ አፍ ቢዘጋ ይሻላል።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፍታ አየችው። ለካ እስከ ዛሬ አልነገራትም።

«ጋሼ፣ በሽታው ከጩኸትዎ በፊት ነው የጀመራት» አልኩት። «እንቅልፍ ካጣች መሰንበቷን ይዘዋት የመጡ ለታ እርስዎ ነዎት የነገሩን። የሚጎዳት ቢያዋርዷት ነው። መጨቃጨቅ ግን ያለና የሚኖር ነው።»

አላመነኝም። ያመነው ሚስቱ ስትነሳ ነው።

«አንተ? እኔን ልትሰብር? ብርጭቆ እንኳ በቅጡ ሰብረህ አታውቅም!»

«መጋረጃው…» አለ ቀስ ብሎ።

«የምን መጋረጃ?»

«የመኝታ ቤቱ! ለሙከራ መጥተሽ ያሳጠርሽው! ጎረቤት ሁሉ ስለብስ እያየኝ እኮ ነው!»

ያ የሹፌር ድምፁ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ወዲያው ደነገጠና አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ፊቷን ፈርቶ አያት። እኔም አየኋት።

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «ምን የሚታይ ነገር አለህና ነው ጎረቤት የሚያይህ!» አለችው። ሻንጣዋን ከወንበሬ ሥር መነጨቀች። «ተነስ! መጋረጃ ምን እንደሆነ ቤት ገብተን አሳይሃለሁ። ስለ ስፌት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አንተ የምታወራው?»

«ሻንጣውን ስጪኝ፣ ከባድ ነው!»

«አልሰጥም!»

እየተቀማሙ ወጡ። ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። ተረኛዋ ነርስ ከክፍሏ እየሮጠች ብቅ አለች።

«ምንድን ነው? ማን ተጣላ?»

«ማንም» አልኳት። «ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው።»