የሁዘይፋ ዚር

ሻዊሹ፣ የፖሊስ ሃምሳ አለቃው፣ እጁን እስከ ክርኑ ከዚሩ፣ ከውሃው ጋን ሥር ባለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰደደና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ጎትቶ አወጣ። ፈታው፤ አሸተተው። ባንጎ ነው፣ የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ያናወዘው ሐሺሽ። ሰልሰቢል ለጣቢያው በጻፈችው ማመልከቻ ላይ እንዳለው፣ ሦስት ጥቅል፣ በአሮጌ ጋዜጣ።

«ሹፊ፣ እዪው እማ፤ አላልኩም?» አለች ወደ እናቷ ዞራ።

ሉጥፊያ ደጃፏ ላይ ቆማ የምታየው የተገኘውን ነገር ሳይሆን ሻዊሹ ገፍቶ ያዘነበለውን የሸክላ ጋን ነበር። ዚሩን ለመንገደኛ ያስቀመጠችው አምና ነው፣ ልጇ ሁዘይፋ በሞተ በአርባኛው ቀን። ባንጎ ያጨሰ አንድ ጎረምሳ ኳስ ሜዳው ዳር ለእጅ ሰዓት ብሎ በጩቤ ወጋው። ከዚር የጠጣ መንገደኛ ለሟቹ «አላህ ይርሐመው»፣ ነፍሱን ይማር ይላል፤ ቤተሰብም ከውስጥ «አሚን» ይላል። ሉጥፊያ ጠዋት አል-ማንሺያ በሚባለው ሰፈር ወደምትሠራበት ቤት ከመሄዷ በፊት ትሞላዋለች፤ ማታ ስትመለስ ትሞላዋለች። የጠጪውን ፊት ለማየት ወጥታ አታውቅም። አሚን ትላለች፣ በቃ።

ይህ ለባንጎ ሻጩ ለባቢከር ተመቸው። ውሃ ሊጠጣ የጎነበሰን ሰው ማን ይጠረጥራል? ሰልሰቢል ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ከዚሩ ሥር ሲቀብር ሦስት ጊዜ አይታዋለች። ስሙን ከነአባቱ፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ጻፈች። የተሳሳተችው ቦታውን በመጻፏ ነው።

«ዚሩ የማነው?» አለ ሻዊሽ ሙዕተዝ።

«የኛ። ባንጎው ግን የባቢከር ነው። ጽፌዋለሁ እኮ።»

«ባቢከር ቤት ብናገኘው የባቢከር ይሆን ነበር።» ከደረት ኪሱ ማመልከቻዋን አውጥቶ ዘረጋ። «‹ከቤታችን ደጃፍ፣ ከዚራችን ሥር።› አንቺው ነሽ የጻፍሽው። ጽሑፍሽ ደግሞ ያምራል።»

«ሕግ ነው የማጠናው።»

«ያስታውቃል። ሥራዬን አቀለልሽልኝ።» ወደ እናቷ ዞረ። «ያ ሐጃ፣ ኢቃማሽን እስቲ።»

የሉጥፊያ የመኖሪያ ፈቃድ ጊዜው ካለፈ አራት ወሩ ነው። ወረቀቱን ስትሰጠው ሻዊሹ ራሱን ነቀነቀ፤ ከመምጣቱም በፊት የሚያውቅ ይመስል ነበር።

ባቢከር ከመንገዱ ማዶ፣ ከሱቁ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ሰልሰቢል በጣቷ አሳየችው። «ያውልህ፣ እዚያ ተቀምጧል።» ሻዊሹ ዞሮ አላየም።

«ስሚኝ እህቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ የዊላያው፣ የክልሉ መንግሥት ሰዎች ይመጣሉ። በሪፖርቱ ላይ ሰፈራችሁ አምናም ዘንድሮም ዜሮ ነው። አንድም የባንጎ ክስ የለም።»

«ወንድሜስ?»

«የወንድምሽ ጠብ ነው። የጎረምሶች ጠብ ተብሎ ነው የተመዘገበው።» ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «ሁለት መንገድ አለሽ። ወይ ክስ እከፍትና እናትሽን ጭኜ እሄዳለሁ። አንድ ክስ፣ አንድ ተከሳሽ፣ እሷም የውጭ ዜጋ፤ ይህም ዊላያውን አያስከፋውም። ወይ ደግሞ ‹ተፈትሿል፣ የተገኘ ነገር የለም› በሚለው ላይ ትፈርሚያለሽ። ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ፀሐዩ በረታ።»

«ፈርሚ» አለች ሉጥፊያ።

«እማ፣ ከፈረምኩ እኮ የሁዘይፋ ነገር...»

«ሁዘይፋን አፈር አልብሼዋለሁ። እኔን ከየት ታመጪኛለሽ? ፈርሚ ብያለሁ።»

ወረቀቱ የተዘረጋው በመኪናው ኮፈን ላይ ነበር፤ ብረቱ ክንዷን ለበለባት። ባለፈው ሳምንት ከዊላያው የመጣ አንድ ሰው አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ሰብስቦ ወንጀል ከዓመት ዓመት እንዴት እንደቀነሰ ሲያስረዳ፣ ቁጥሮቹን ደብተሯ ላይ ገልብጣ ነበር። እንዲህ እንደሚሠሩ አላወቀችም። ፈረመች።

ሻዊሹ ወረቀቱን አጠፈ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን አሸዋው ውስጥ መልሶ ይቀብር ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች።

«ያልተገኘ ነገር ይዤ ልሂድ?»

አብሮት የመጣው ወታደር ከመኪናው ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ አወረደና ደጃፉ ላይ ወዳለው የኒም ዛፍ ቀና ብሎ አየ። መቆሚያ ይፈልጋል። ሉጥፊያ ሳትጠየቅ ከውስጥ በርጩማ አመጣች። አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ወታደሩ ሲወጣበት ይወዛወዝ ጀመር። ባቢከር መፋቂያውን ጆሮው ላይ ሰክቶ መንገዱን ተሻገረ።

«ልያዝልህ፣ ወንድሜ» አለና በርጩማውን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ።

ገመዱ ከዛፉ እስከ መብራቱ ምሰሶ ተወጠረ። «ሰፈራችን ከአደንዛዥ ዕፅ ነጻ ነው» ይላል ጨርቁ፣ በአረንጓዴ ቀለም። ሻዊሹ ራቅ ብሎ አየው፤ በቀኝ በኩል ከፍ አድርገው አለ፤ ከፍ አደረጉት። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

ባቢከር ያዘነበለውን ዚር አቅፎ አቃናው። ጣሳውን ነክሮ እስከ መጨረሻው ጠጣና አፉን በመዳፉ ጠረገ።

«አላህ ይርሐመው፣ ኻልቲ ሉጥፊያ» አለ። ጣሳውን ክዳኑ ላይ ደፍቶ ቆመ፤ ይጠብቃል።

ሰልሰቢል እናቷን አየች። ሉጥፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠጪውን ፊት እያየች ነበር።

«አሚን» አለች፤ የጎደለውን ልትሞላ ባልዲዋን አነሳች።