ከቤንዚኑ ሥር የተኛው ውሃ

የመዝገቡ የጀልባ ሞተር ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን፣ በጽዮን ማርያም ማግሥት ጠዋት፣ ጣና ላይ ሞተ። ተንገጫገጨ፣ ነጭ ጭስ ተፋና ዝም አለ። መዝገቡ እጁ እስኪላጥ ገመዱን ቢስብ አልነሣ አለው። እሱና የእህቱ የትርንጎ ባል ይሻው ጀልባዋን እየቀዘፉ የጉማራ ወንዝ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት ዳርቻ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች።

የነቢያት ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። ዓሣ ፈላጊ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። መዝገቡ ሞተሩን የገዛው ሁለቱን በሬዎቹን ሸጦ ስለሆነ፣ ሐይቁ ቢዘጋበት የሚመለስበት እርሻ የለውም።

ይሻው ባሕር ዳር እንውሰደው አለ። መዝገቡ ግን ደብረ ታቦር የሚያውቀው መካኒክ ነበረው። ይሻው አብሮት ለመሄድ አልፈለገም፤ መረብ እጠግናለሁ ብሎ ቀረ። መዝገቡ ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላለውም። ሞተሩን ከነቤንዚን ጋኑ አይሱዙ ላይ ጭኖ ሽቅብ ወጣ።

መካኒኩ ዓለምነው ዕድሜውን ሁሉ የውሃ ፓምፕና ባጃጅ ሲፈታ የኖረ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። መጀመሪያ ካንዴላውን ነቀለና በጥላሸት የጠቆረውን ጫፍ አሳየው።

«ሰሞኑን አያስለውም ነበር?»

ያስለው ነበር። መዝገቡ ሳምንቱን ሙሉ እራት ላይ በቀረበ ቁጥር «ይህ ሞተር ታሞብኛል» እያለ ቤተሰቡን ሲያሰለች ነው የከረመው።

«ይህስ በጨርቅ የሚጠረግ ነው» አለ ዓለምነው። «የገደለው ሌላ ነው።»

ከጋኑ ሥር የቀረውን ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀዳና ፀሐይ ላይ አቆመው። ትንሽ ቆይቶ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ለሁለት ተከፈለ። ቤንዚኑ ከላይ ቀረ። ከሥሩ እንደ ምንጭ የጠራ ነገር ተኛ።

«ውሃ ነው። ፒስተኑን የበላው ይኸው ነው።»

መዝገቡ ዝናብ ገብቶበት እንደሆነ ጠየቀ።

«በኅዳር የምን ዝናብ? ክዳኑም ቢሆን ጠብታ አያሳልፍም። ከፍቶ የጨመረበት ሰው አለ።»

መዝገቡ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ነገሩን ሲያገጣጥም መጣ። የጽዮን ማርያም ዕለት ሥራ አልነበረም፤ ሞተሩ ጎተራው አጠገብ ካለችው መጋዘን ተቆልፎበት ነው የዋለው። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ ቤት ውስጥ ምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል፤ ሌላው ከይሻው ኪስ አይወጣም። በዚያ ቀን ይሻው መረብ ላወጣ ነው ብሎ ብቻውን ገብቶ ነበር። የመዝገቡ እናት ወይዘሮ አመተማርያም ከቤተ ክርስቲያን ጠበላቸውን በቢጫዋ ጀሪካን ይዘው ሲመለሱ መጋዘኑ በር ላይ እንዳገኙት ራሳቸው ነግረውታል። ማታ ደግሞ ይሻው «ነገ ባንወጣስ? ነፋሱ አላማረኝም» ብሏል። ትልቅ ጀልባ ያለው ማሬም ይሻውን ሊወስደው እንደሚፈልግ አገር ያውቃል።

ሁሉም ገጠመ።

«ማሬ ምን ሊሰጥህ ነው?» አለው ገና ከመኪና እንደወረደ።

ይሻው መረቡን አስቀመጠ። «ና አብረን እንሥራ ብሎኛል። እንቢ ብዬዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«እንዲህ እንደምትሆን ስለማውቅ።»

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ይሻው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ማለ። መዝገቡ የማለ ሁሉ እውነተኛ ቢሆን ወህኒ ቤት ባዶ በሆነ ነበር አለና ተነሥቶ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ሊመልሱት ተከተሉት፤ አልተመለሰም።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቱ ከቤት አልወጡም ነበር። ማታ ይሻው ሞተሩን ምን እንዳደረገው ጠየቁት።

«ገደለው» አለ መዝገቡ። ሌላ አልጨመረም።

«ይሻው? ይሻው እንዲህ ያደርጋል?» አሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ይሻው ቁልፉን በሰው ልኮ ሚስቱን ይዞ እብናት ወደ ዘመዶቹ ሄደ። ትርንጎ ስትሄድ የእናቷን ጉልበት ሳመች። ወንድሟን ቀና ብላ ሳታየው አለፈች። ማሬ ለይሻው ባሰበው ቦታ ሌላ ሰው አስገባ፤ መዝገቡ ይህንን ሲሰማ ማሬም ቢሆን ከዳተኛ አያምንም ማለት ነው ብሎ ተረጎመው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሞተሩ አዲስ ፒስተን ገብቶለት ከደብረ ታቦር ወረደ። መዝገቡ ዳርቻው ላይ ሞከረው። ገመዱን አንዴ ሲስበው ተነሣ፤ ድምፁ ጠርቷል፣ ሳል የሚባል የለም። ጋኑን ሞልቶ መጋዘኑ በር ላይ አስቀመጠና መረቡን ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ። መረቡን የሚይዝለት ሁለተኛ ሰው ስላልነበረ ጠቅልሎ እስኪሸከመው ቆየ።

ሲመለስ እናቱ በታመመው ጉልበታቸው ተንበርክከው የጋኑን ክዳን እያጠበቁ ነበር። ቢጫዋ ጀሪካን ባዶዋን አጠገባቸው ተጋድማለች። ክዳኑን በአውራ ጣታቸው አማተቡበትና ቀና አሉ።

«ብቻህን ልትወጣ ነው ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ። የጽዮን ማርያም ለታ የጨመርሁበት አንሶት ነው መሰል።»